ክብደት የታችኛውን አፈር ይጠይቃል፣ ግፊት የላይኛውን

መግቢያ

በአገራችን የአንድ ትልቅ ሕንፃ ዜና ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይሠራል። አንዴ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፣ አንዴ ደግሞ ሪባን ሲቆረጥ። በመጀመሪያው ዜና የወጪው መጠን፣ የፎቁ ብዛትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ ይነገራል። በሁለተኛው ደግሞ እነዚያው ቁጥሮች ትንሽ ከፍ ብለው ይደገማሉ። “መሠረት” የሚለው ቃል ከዜናው አይጠፋም። ነገር ግን መሠረቱ ያረፈበት አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ሲጫኑት ምን እንደሚያደርግ፣ በተለይ ደግሞ በጎን ሲገፉት ምን እንደሚመልስ የሚናገር ዜና እኔን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ ይህንኑ ዜና የምንሠራ ስለሆንን፣ ነገሩን ከዛሬው በጥቂቱ ብናውቀው አይከፋም በማለት ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ርዕሰ ጉዳዩ የምህንድስና ነው። ሆኖም አንባቢን በቀመር ላደክም አላሰብኩም። የጉዳዩ ፍሬ ሐሳብ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ወርዶ ጀልባ የታሰረበትን ምሰሶ ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ሁሉ ግልጽ ነው። ከዚያ ምሰሶ ተነስተን መሐንዲሶች የአፈርን ምላሽ እንዴት በቁጥር እንደሚያስቀምጡት፣ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡና ለሐዋሳ ዓይነት መሬት ለምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልጋቸው እንመለከታለን።

ፓይል ምንድን ነው?

ቤት ሲሠራ ጠንካራ መሬት ቅርብ ከሆነ መሠረቱ ተቆፍሮ እዚያው ላይ ያርፋል። ጠንካራው መሬት ሩቅ ሲሆን ግን ረጅም የኮንክሪት፣ የብረት ወይም የእንጨት ምሰሶ ወደ መሬት እንዲገባ ይደረጋል። ይህ ምሰሶ በባለሙያዎቻችን አነጋገር “ፓይል” ይባላል። አገባቡም ሁለት ዓይነት ነው። ወይ በከባድ መዶሻ እየተመታ ይተከላል፣ ወይ ደግሞ ጉድጓድ ተቆፍሮ የተሠራ ብረት ይገባበትና ኮንክሪት ይሞላበታል።

ፓይል ሁለት ዓይነት ሸክም ይመጣበታል። አንደኛው የታወቀው ቁልቁል የሚጫን ክብደት ነው፤ የሕንፃው፣ የሰዉና የዕቃው ክብደት ማለት ነው። ሁለተኛው የጎን ግፊት ነው። ነፋስ ረጅም ሕንፃን ይገፋል፣ ጎርፍ የድልድይ ምሰሶን ይመታል፣ ድልድይ ላይ ፍሬን የሚይዝ ከባድ መኪና መንገዱን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጀልባ ወደብን ይገጫል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ከግራ ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ልዩነት አለ። ቁልቁል ክብደት ሲመጣ ፓይሉ እርዳታ የሚያገኘው በቁመቱ ሙሉ ከሚነካው አፈርና ከታች ጫፉ ካረፈበት ንብርብር ነው። ስለዚህ “ጠለቅ በል፣ ጠንካራውን ፈልግ” የሚለው ምክር ይሠራል። የጎን ግፊት ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ረጅም ፓይል በጎን ሲገፋ የሚንቀሳቀሰው የላይኛው ክፍሉ ነው፤ የታችኛው ክፍሉ ያን ያህል ስለማይነቃነቅ እዚያ ያለው አፈር ብዙ ሥራ የለውም። በአብዛኛው የፓይሉን ዲያሜትር ከ5 እስከ 10 እጥፍ የሚያህለው የላይኛው ጥልቀት ነው ወሳኙ። ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፓይል ይህ ከ3 እስከ 6 ሜትር ማለት ነው። ፓይሉ 20 ሜትር ቢወርድም 30 ሜትር ቢወርድም የጎን ግፊቱን የሚመክተው ያው የላይኛው ጥቂት ሜትር ነው። በአጭሩ ክብደት የታችኛውን አፈር ይጠይቃል፣ ግፊት ደግሞ የላይኛውን።

ችግሩ የላይኛው አፈር ብዙ ጊዜ ደካማው መሆኑ ነው። የተሞላ አፈር ከላይ ነው፣ ዝናብና ሐይቅ የሚደርስበት ከላይ ነው፣ ለቧንቧና ለኬብል የሚቆፈረውም ከላይ ነው። ጠንካራውን አለት 20 ሜትር ወርደን አገኘነው ብለን ስንደሰት፣ የጎን ግፊቱን የሚቀበለው ማንም ልብ ያላለው የላይኛው አፈር ሆኖ ይገኛል።

የአሞራ ገደል ምሰሶ

አሞራ ገደል በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ ዓሣ የሚወጣበትና የሚሸጥበት ቦታ ነው። ጠዋት ጠዋት ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመለሱ አባ ኮዳዎቹ ከሰው እግር ሥር ሆነው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ዓሣው ሳይሆን በዳርቻው አሸዋ ውስጥ የተተከለው የጀልባ ማሰሪያ እንጨት ነው። ይህ እንጨት ክብደት አይሸከምም ማለት ይቻላል። ሥራው በጎን መሳብ ብቻ ነው። ማለትም በጎን ግፊት ብቻ የሚሠራ የተሟላ ፓይል ነው።

መረብ ሲያራግፉ የነበሩ አንድ ጎልማሳ ዓሣ አስጋሪን፣ “ጋሼ፣ ይሄ እንጨት እንዳይነቀል ምን ታደርጉለታላችሁ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እንዳይነቀልማ ማን ወደ ላይ ይስበዋል? የሚያስቸግረን መዝመሙ ነው እንጂ” አሉኝ። “ማዕበል ጀልባውን ሲያወዛውዘው አፉ ይሰፋል። አፉ ሲሰፋ ድንጋይ እንወትፍበታለን።”

“ጠለቅ አድርጎ መትከሉስ?”

“ጠለቅ ማለቱ እስከ ልኩ ነው፣ ልጄ። ከዚያ በኋላ ድካም ብቻ ነው።”

እኔም በበኩሌ ቀጭን ሸምበቆ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ተክዬ በገመድ ስስብ ያየሁት ይህንኑ ነው። ቀስ ብዬ ስስበው ትንሽ ዘንበል ይልና ስለቀው ይመለሳል። ጠንከር አድርጌ ስስበው በብዙ ይዘምና ስለቀው ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ከፊቱ ያለው አሸዋ እንደ ጉብታ ከፍ ይላል፣ ከኋላው ደግሞ ክፍተት ይፈጠራል። ወዲያና ወዲህ ደጋግሜ ሳወዛውዘው ክፍተቱ እየሰፋ ይሄድና ያው ጉልበት ከበፊቱ የበለጠ ያዘመዋል። ሸምበቆውን ጨምሬ ወደ ታች ሳስገባው መጀመሪያ ላይ ለውጥ አለው፤ ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ ግን ለውጡ አይታይም።

እንግዲህ የአፈር ምላሽ የሚባለው ነገር ሙሉው ታሪክ ይኸው ነው። መሐንዲሱ የሚያደርገው ይህን በዓይን የሚታይ ጠባይ በቁጥር ማስቀመጥ ነው።

አፈርን በሞላ መመሰል

መጀመሪያ የመጣው ሐሳብ በጣም ቀላል ነበር። ኤሚል ዊንክለር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መሬት ላይ ያረፈን ምሰሶ ተደርድረው በቆሙ ሞላዎች ላይ እንዳረፈ አድርጎ አሰበው። የባለ ሞላ ፍራሽ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሞላ በተጫነው ልክ ይጨመቃል፣ ሲለቁትም ይመለሳል፤ ጎረቤቱ ስላለው ሞላ ግን ግድ የለውም። በኋላ የመጡ ሰዎች ይህንኑ ፍራሽ በጎኑ አቆሙትና ለፓይል ተጠቀሙበት። ፓይሉ የቆመ ዘንግ ነው፣ በግራና በቀኙ ከላይ እስከ ታች ሞላ ተደርድሮለታል። አፈሩ ጠንካራ በሆነበት ጥልቀት ጠንካራ ሞላ፣ ደካማ በሆነበት ደካማ ሞላ ይቀመጣል።

ይህ ሞዴል ቀላል ቢሆንም አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምራል። አፈሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው እንበልና የሞላዎቹ ጥንካሬ በግማሽ ቀነሰ። የፓይሉ አናት መንቀሳቀስ ስንት ጊዜ ያድጋል? ሁለት እጥፍ አይደለም፤ 1.7 እጥፍ ገደማ ነው። በፓይሉ አካል ውስጥ ያለው የማጉበጥ ጫና ደግሞ የሚያድገው በ1.2 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ምክንያቱም አፈሩ ሲደክም ፓይሉ ሸክሙን ወደ ታች ላለው አፈር ስለሚያካፍል ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች የአፈሩን ጥንካሬ ሲገምቱ ትንሽ ቢስቱ ፓይሉ ወዲያው ይሰበራል ማለት አይደለም። ይህን የምለው አንባቢ ያለ ምክንያት እንዳይደናገጥ ነው። መሬቱ ሲዳከም በቅድሚያ የሚጎዳው የሕንፃው አለመንቀሳቀስ ነው፤ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ቧንቧው ይላቀቃል።

ሆኖም የዊንክለር ሞላ አንድ የጎደለው ነገር አለ፤ ሁልጊዜ መመለሱ። የአሞራ ገደሉ እንጨት ግን ጠንክረው ሲስቡት አልተመለሰም። እውነተኛ አፈር መጀመሪያ ይጠነክራል፣ ቆይቶ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም የቻለውን ያህል ይዞ ይሸሻል። ከዚያ ወዲያ ግፊት ቢጨመር የሚጨምረው መንቀሳቀሱ እንጂ ምላሹ አይደለም።

ከቴክሳስ የመጣው ከርቭ

ይህን ጠባይ በሥርዓት እንዲጠና ያስገደደው የነዳጅ ፍለጋ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የነዳጅ ኩባንያዎች ባሕር ውስጥ መድረክ መትከል ጀመሩ። መድረኩን የሚመታው ማዕበል በመሆኑ ዋናው ችግር የጎን ግፊት ሆነ። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የነበሩት ሃድሰን ማትሎክና ላይመን ሪስ እውነተኛ ፓይል ተክለው እየገፉ ለመለካት ተነሱ።

የሚገርመው ማትሎክ ሥራውን የጀመረው በሐይቅ ዳር ነው። ኦስቲን በሚባል ሐይቅ ዳርቻ፣ ለስላሳ ሸክላ አፈር ውስጥ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዲያሜትር ያለው የብረት ቱቦ ተተከለ። በቱቦው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የብረቱን መለጠጥ የሚለኩ ስስ መሣሪያዎች ተለጥፈዋል። ቱቦው ሲገፋ የት ጋ ምን ያህል እንደጎበጠ መሣሪያዎቹ ይናገራሉ። ከጉብጠቱ ተነስቶ በሒሳብ ሁለት ነገር ይወጣል፤ አንደኛው በየጥልቀቱ ቱቦው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ፣ ሁለተኛው በየጥልቀቱ አፈሩ ምን ያህል መልሶ እንደገፋ። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ሲያስቀምጧቸው መሐንዲሶች “ፒ-ዋይ ከርቭ” የሚሉት መስመር ይገኛል። ፒ የአፈሩ ምላሽ ነው፣ ዋይ የፓይሉ መንቀሳቀስ። በዊንክለር ቀጥተኛ ሞላ ምትክ ለእያንዳንዱ ጥልቀት የራሱ የሆነ፣ መጀመሪያ ገደላማ በኋላ ሜዳ የሚሆን መስመር ተገኘለት ማለት ነው።

ማትሎክ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ጽሑፍ የዓሣ አስጋሪውን “አፉ ይሰፋል” የሚል ነገር በቁጥር አስቀምጦታል። ለስላሳ ሸክላ በማዕበል ደጋግሞ ሲገፋ የሚሰጠው ከፍተኛ ምላሽ ለአንድ ጊዜ ግፊት ከሚሰጠው 72 በመቶ ብቻ ነው። ወደ ላይኛው ንብርብር ሲመጣ ደግሞ፣ ፓይሉ ብዙ ከተንቀሳቀሰ፣ ከዚህም በታች ይወርዳል።

ለአሸዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 በቴክሳስ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሙስታንግ ደሴት 61 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ሁለት የብረት ፓይሎች ተፈተኑ። ውጤቱን ሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ከእነዚህ ፈተናዎች የተገኙት ከርቮችና በኋላ የተሻሻሉት ዝርያዎቻቸው በአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት መመሪያ ገቡ። ከዚያም በኮምፒውተር ፕሮግራም ተሠርተው በዓለም ሁሉ ተሰራጩ። ዛሬ አንድ መሐንዲስ ላፕቶፑን ከፍቶ “አሸዋ” የሚለውን ሲመርጥ፣ ከጀርባ የሚመጣለት መስመር የዘር ሐረጉ እስከ ሙስታንግ ደሴት ይቆጠራል።

ፓይሎች በቡድን ሲተከሉስ? “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንላለን። እዚህ ግን ጌጡ ቀረጥ አለበት። የፊተኛው ፓይል አፈሩን ገፍቶ ስለሚያላላው የኋለኛው የሚደገፍበት ያጣል። በአሜሪካ የድልድይ ደንብ መሠረት፣ ፓይሎቹ በሦስት ዲያሜትር ርቀት በተከታታይ ረድፍ ሲተከሉ የመጀመሪያው ረድፍ የአፈር ምላሽ ለብቻው ከሚያገኘው 80 በመቶ፣ የሁለተኛው 40 በመቶ፣ የሦስተኛውና ከዚያ ኋላ ያሉት 30 በመቶ ተደርጎ ይታሰባል። አራት ፓይል የአንድ ፓይል አራት እጥፍ ይገፋል ብሎ ማሰብ አይቻልም ማለት ነው።

የሐዋሳ አፈር የቴክሳስ አፈር ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ሐዋሳ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ተደርምሶ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ ነው። መሬቷ በአብዛኛው ሐይቁ ሲሰፋና ሲጠብ ያስቀመጠው ደለል፣ አሸዋ፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ነው። ፑሚስን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብሎኬት የሚሠራበት፣ በቀዳዳ የተሞላ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ነው።

ፑሚስ አሸዋ ውስጥ ሲገኝ የአሸዋው ጠባይ ይለወጣል። የሙስታንግ ደሴት አሸዋ ጠንካራ ቅንጣት ያለው ነው። ሲገፉት ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው እንደ ጉብታ ከፍ ይላሉ፤ ያ መደጋገፍ ነው ምላሹን የሚሰጠው። የፑሚስ ቅንጣት ግን ጫና ሲበዛበት ይደቃል። ቅንጣቱ ሲደቅ አፈሩ ከመግፋት ይልቅ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ በስም ሁለቱም “አሸዋ” ቢባሉም ምላሻቸው አንድ ነው ብሎ ለመናገር ፈተና ያስፈልጋል።

ሌላው ክብደት ነው። አሸዋ በጎን ሲገፋ የሚመልሰው ኃይል በላዩ ባለው የአሸዋ ክብደት ይወሰናል። አሸዋው ውኃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ውኃው ስለሚያነሳው ክብደቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከመጀመሪያውም ቀላል የሆነው ፑሚስማ ከዚህ የበለጠ ይቀልላል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ዋነኛ ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ በዝናቡና በትነቱ መሠረት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ለዚህም ነው በዳርቻው መከላከያ ግድብ ያስፈለገው። ሐይቁ ከፍ ሲል በዳር ያለው የከርሰ ምድር ውኃም አብሮ ከፍ ይላል። በበጋ፣ ሐይቁ ዝቅ ባለበት ዓመት የተደረገ የአፈር ምርመራ የላይኛውን 3 ሜትር ደረቅ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ያው 3 ሜትር ውኃ ውስጥ ሊሆን ነው። የጎን ግፊቱን የሚመክተው ደግሞ ይኸው የላይኛው ንብርብር መሆኑን አንርሳ።

በአገራችን የተለመደው የአፈር ምርመራ “ኤስፒቲ” ይባላል። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ አንድ ቱቦ ወደ አፈሩ ይመታል። ቱቦው የመጨረሻዎቹን 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ጠቃሚ ምርመራ ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ቁልቁል ይመታል እንጂ በጎን አይገፋም። ከምቱ ብዛት ተነስቶ የጎን ምላሽን መገመት የሚቻለው በሌላ አገር አፈር ላይ በተሠራ ዝምድና አማካይነት ነው።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ ከርቩን እንዳለ አልተቀበሉትም። የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይኖች በጣም ወፍራምና አጭር ፓይል መጠቀም ሲጀምሩ፣ ለቀጭን ረጅም ፓይል የተሠራው የድሮ ከርቭ በትክክል አይገልጻቸውም የሚል ጥያቄ ተነሳ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ “ፒሳ” በተባለ ፕሮጀክት በእንግሊዝ ካውደን በሸክላ፣ በፈረንሳይ ደንከርክ በአሸዋ አዲስ ፈተና ሠርተው የራሳቸውን ሞዴል አወጡ። እነርሱ ፓይሉ ሲለወጥባቸው እንደገና ከለኩ፣ እኛ አፈሩ ሲለወጥብን መለካት ይበዛብናል?

መሬት ሲንቀጠቀጥ

ነገሩን ከወረቀት ጥያቄ ወደ ሕይወት ጥያቄ የሚያሻግረው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ውኃ የጠገበና የላላ አሸዋ በኃይል ሲንቀጠቀጥ ቅንጣቶቹ መደጋገፋቸውን ያጡና አፈሩ ለጥቂት ጊዜ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ያኔ የላይኞቹ ሞላዎች ደከሙ ሳይሆን ጠፉ ማለት ነው። ከላይ ያየነው የ1.2 እጥፍ ሒሳብም እዚህ ላይ አይሠራም።

በጃፓን ኒጋታ ከተማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1964 መጠኑ 7.5 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ተሠርቶ ካለቀ አንድ ወር ገደማ የሆነው የሾዋ ድልድይ ፈረሰ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ግን ሌላ ነው። በከተማዋ የነበረ አንድ ሕንፃ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል አገልግሎ መሬቱ ሲቆፈር፣ ፓይሎቹ ከመሬት በታች ተሰብረው ተገኙ። አፈሩ ወደ ጎን ሲሸሽ ሰብሯቸዋል። ሕንፃው ቆሞ ሰው ይገባበትና ይወጣበት ነበር። የፓይል ስብራት ከግድግዳ ስንጥቅ የሚለየው በዚህ ነው፤ ማንም ሳያየው ሊኖር ይችላል።

የእኛስ አገር? በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ1961 ዓ.ም. በአፋር ሰርዶ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ለወራት በቆየው መንቀጥቀጥ፣ በየካቲት ወር የደረሰው መጠኑ 6 ገደማ ነበር፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከቀያቸው ተነስተዋል። ሐዋሳ ራሷ በጥር 2008 ዓ.ም. መጠኑ 4.3 በሆነ መንቀጥቀጥ ተናውጣ፣ በድንጋጤና በሽሽት በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጎድተዋል። ያ መንቀጥቀጥ በሳይንስ ሚዛን ትንሽ የሚባል ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሙሉ እንደ ኒጋታ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ይህ በቦታው ተቆፍሮ ተመርምሮ የሚታወቅ እንጂ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። የምለው፣ አደጋውን የሚፈጥሩት ሦስት ነገሮች የላላ አሸዋ፣ ውኃና ንቅናቄ ናቸው፤ ሦስቱንም በአንድ ላይ ልንጠረጥርባቸው ከሚገቡ ቦታዎች አንዱ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዳር ነው። የአገራችን የሕንፃ ደንብም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ደንብ ሰባተኛ ክፍሉን ለመሠረት፣ ስምንተኛውን ለመሬት መንቀጥቀጥ የመደበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ ኮድ ላይ የተመሠረተ አዲስ ደንብ ወጥቷል። ደንቡ ግን ለእያንዳንዱ ሰፈር አፈር ከርቭ አያወጣም። ያ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የቤት ሥራው ደግሞ እንደሚመስለው ከባድ አይደለም። ሁለት ፓይል ጎን ለጎን ሲተከል በመካከላቸው ትልቅ የሃይድሮሊክ ክሪክ ይገባል፤ መኪና የሚነሳበት ዓይነት፣ ግን ከፍ ያለ ጉልበት ያለው። ክሪኩ አንዱን በሌላው ላይ እያስደገፈ ሁለቱንም ይገፋል። ግፊቱና መንቀሳቀሱ በየደረጃው ይመዘገባል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይገፋል። በአንድ ፈተና ሁለት ፓይል ተለካ ማለት ነው። በፓይሉ ውስጥ መለኪያ ከተለጠፈ ደግሞ ማትሎክ ኦስቲን ሐይቅ ዳር ያገኘውን ዓይነት ከርቭ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማግኘት ይቻላል። ይህን የሚያህል ሥራ ለምህንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ቢሆን ለከተማዋ ሁሉ የሚተርፍ ሀብት ይሆናል፤ በአንድ ሕንፃ ፋይል ተዘግቶበት ከሚቀር ለሕዝብ ቢታተም ማለቴ ነው።

የእኛ ድርሻ መጠየቅ ነው። ነገ ማይክ ይዘን የሕንፃ ምርቃት ስንሄድ ከፎቁ ብዛት ቀጥሎ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ብንጨምር ምን ይለናል?

አንደኛ፣ የላይኛው 5 ወይም 6 ሜትር አፈር ምን ዓይነት ነው? ስለ ታችኛው አለት ብቻ የሚነግሩን ከሆነ ግማሹን መልስ ነው የሰጡን።

ሁለተኛ፣ ምርመራው የተደረገው በየትኛው ወቅት ነው? ውኃው የት ጋ ነበር? ሐይቁ ከፍ ቢልስ ተብሎ ታስቧል?

ሦስተኛ፣ የአፈሩ የጎን ምላሽ በቦታው ተፈትኗል ወይስ ከፕሮግራም ተወስዷል? ከፕሮግራም መውሰድ ወንጀል አይደለም፤ ግን መውሰዱ ይታወቅ፣ የተጨመረው ጥንቃቄም ይነገር።

አራተኛ፣ አፈሩ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ፈሳሽ ይሆን እንደሆነ ተመርምሯል?

እነዚህን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መልሱን ለመመዘን ደግሞ ሌላ መሐንዲስ ዘንድ መሄድ ይቻላል፤ ጋዜጠኛ ሥራው ይኸው አይደል?

መደምደሚያ

ባጠቃላይ የፓይል ሞዴል የሰው አእምሮ ትልቅ ሥራ ነው። ዊንክለር በሞላ መሰለው፣ ማትሎክና ሪስ ገፍተው ለኩት፣ የኋለኞቹም አሻሻሉት። ሞዴሉን የምናመሰግነው እኛም እንደ እነርሱ ስንለካ ነው እንጂ እነርሱ የለኩትን ስንቀዳ አይደለም። ቀመር ከአገር አገር ይሄዳል፤ አፈር ግን አይሄድም። አፈር እዚያው በተወለደበት ተኝቶ፣ በጎን የሚገፋው ሲመጣ የራሱን መልስ ብቻ ይሰጣል። ያንን መልስ በክሪክና በመለኪያ ቀድመን ብንሰማው ዋጋው ጥቂት ገንዘብና ጥቂት ቀን ነው። በመንቀጥቀጥ ቀን ከሰማነው ግን ዋጋውን የሚከፍለው ከላይ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ነው። አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ይመስለኛል።